አመድ የተከለከለበት መደብ

ጎረቤቱ ሁሉ «መዶሻ» የሚለው ድስት ጠጋኝ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጓሮው ተቀምጦ የተጨረማመተ የአሉሚኒየም ድስት ሲያቃና ኖሯል። ከፊቱ ባለችው ትንሽ መደብ ላይ ሚስቱ ባቄላ ትዘራ ነበር። ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው። ከእጇ የቀረው ዘር አንድ ጠርሙስ ብቻ ስለሆነ ሊነካው ሳይደፍር ቆየና ዘንድሮ ግማሹን ዘራ።

ባቄላው በቀለ፤ ግን ስንዝር ሳይሞላ ቆመ፣ ቅጠሉም ቢጫ ሆነ። አንዱን ነቅሎ ቢያየው ሥሩ አጭርና ወፍራም፣ ጫፉ እሳት የነካው ጣት ይመስላል። በጋዜጣ ጠቅልሎ ለግብርና ባለሙያዋ ወሰደላት። እሷም አገላብጣ አየችና የመረዘው አሉሚኒየም እንደሆነ ነገረችው። ልታስረዳው ስትል ስልኳ ጠራ። እሱ ግን የሰማው በቅቶት ነበር፤ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ።

በዚያው ቀን ሥራ አቆመ። የሰውን ድስት ሁሉ እንደተጎረበጠ ለየባለቤቱ መለሰ። ከዚያ ሦስት ቀን ተንበርክኮ የመደቡን አፈር በወንፊት ነፋ። የሚስቱ እህት መጥታ ይህን ስታይ፣ ዱቄት ንፋልኝ ሲባል ወገቤን ይል የነበረ ሰው ዛሬ አፈር ይነፋል ብላ አፌዘችበት።

«ባቄላዋን የገደልኩት እኔ ነኝ» አላት ቀና ሳይል።

በአራተኛው ቀን የለቀመውን የአሉሚኒየም ፍርፋሪ በከረጢት ይዞ ባለሙያዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ባለሙያዋ ከረጢቱን አየች፤ እሱን አየች፤ ሳቋን በሳል ሸፈነች።

«አባባ፣ ይሄ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። አሉሚኒየም አፈሩ ውስጥ ድሮም አለ። አፈሩ ሲኮመጥጥ ነው እየሟሟ ሥሩን የሚጎዳው። ኖራ ሲገባበት ይለዝባል።»

ታዲያ በሚስቱ ጊዜ እንዴት ያፈራ እንደነበር ጠየቃት። እሷም መልሳ ሚስቱ ምን ታደርግበት እንደነበር ጠየቀችው። ምንም፣ አለ። ከዚያ አንገቱን ደፋ።

«የምድጃዋን አመድ ትደፋበት ነበር።»

«እሱ ነዋ» አለች ባለሙያዋ፤ አመድም እንደ ኖራ ኮምጣጣ አፈር ያለዝባል።

መዶሻ ንጽሕና ወዳድ ነው። በአመዱ ነገር ከሚስቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ኖሮ፣ በመጨረሻ አንድ የድስት ክዳን ቀጥቅጦ ዘርግቶ «አመድ መድፋት ክልክል ነው» ብሎ ጻፈበትና አጥሩ ላይ ቸነከረው። እሷም በየማለዳው ከክዳኑ ሥር ትደፋ ነበር። ከሞተች ወዲህ ነው አመዱ በሥርዓት ወደ ቆሻሻ ገንዳ መሄድ የጀመረው።

ኖራ ገዝቶ ከአፈሩ ጋር አዋሐደ፤ ጊዜ ጠብቆ የቀረውን ዘር ዘራ። ድስቶቹ አንድ በአንድ ተመለሱ፤ መዶሻውም እንደ ድሮው ይጮህ ጀመር። የሚስቱ እህት በመጣች ቀን ባቄላው ጉልበት ደርሶ አበባ ይዟል፤ እሱም ከመደቡ ዳር ቆሞ አመድ እያራገፈ ነበር። እሷ ክዳኑን ቀና ብላ አየች።

«ይሄን አታነሳውም እንዴ?»

«ይቆይ» አላት። «እሷም እያነበበች ነበር የምትደፋው።»