ፎቶ የሌለበት ላፕቶፕ

አዲስ ላፕቶፕ ገዝቼ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሲስተም ልጭንበት ብል አሻፈረኝ ብሎኝ ሰንብቷል። ከፍላሽ ላስነሳው ስሞክር ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ያን ቀን ጠዋት ሆሳዕና ከተማ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ አንድ ሴቲንግ ቀየርኩ። ሳልሞክረው ግን የባልደረባዬ የማርቆስ መርዶ ደረሰኝ። ላፕቶፑን ፍላሹ እንደተሰካበት ቦርሳ ውስጥ ከትቼ በሚኒባስ ወደ ዳምቦያ፣ ወደ ቤተሰቦቹ ሄድኩ።

ድንኳኑ ውስጥ ገና ከመቀመጤ አንድ ዘመዱ የላፕቶፕ ቦርሳዬን አየና፣ «የቢሮ ጓደኛው ፎቶውን ይዞ መጣ!» አለ። ለቅሶ ላይ የሟች ፎቶ ከፊት ይቀመጣል፤ የማርቆስ ግን አልተገኘም። ፎቶ መነሳት አይወድም ነበር። እኔም ጋ የለም።

እናቱ ተደግፈው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ዓይናቸው ደክሟል።

«እስቲ አሳየኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

የለኝም ማለት አቃተኝ። እንደ ልማዱ እምቢ ይላል፣ ተበላሽቷል ብዬ እገላገላለሁ ብዬ ከፈትኩትና ማብሪያውን ተጫንኩ። ስክሪኑ እንደጠቆረ ቀረ። ልናገር አፌን ስከፍት እናቱ ጎንበስ ብለው፣ የጠቆረው ስክሪን መስታወት ላይ የሚታየውን የራሳቸውን ፊት በጣታቸው ዳሰሱ።

«ይኸው» አሉ። «ከስቷል እንጂ እሱ ራሱ ነው።»

ድንኳኑ በለቅሶ ተናወጠ። እኔም አለቀስኩ።

በዚህ መሃል ስክሪኑ ቦግ አለ። ሊኑክሱ ተነሳ፤ መስታወቱ ላይ የነበረውን ፊት ብርሃኑ ዋጠው።

እናቱ ዓይናቸውን ከብርሃኑ ከልለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ምነው ልጄ፣ ምነው አጠፋኸው?»