የእትዬ ጸሃይቱ ኑግ

እትዬ ጸሃይቱን ያወቅኳቸው ለንደን ውስጥ በማሽከረክረው አውቶቡስ ነው። ከኤሌፋንት ኤንድ ካስል ይሳፈሩና «ከሹፌሩ ጋር መነጋገር ክልክል ነው» የሚለውን ማስታወቂያ ተደግፈው እስኪወርዱ ያወሩኛል። አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ዕድሜያቸውን በሆስፒታል ኩሽና የጨረሱ ሴት ናቸው። አማርኛቸው የጃንሆይ ጊዜ ነው፤ እኔ የወሎው ልጅ አኑዋር እንኳ አንዳንዴ ትርጉም እጠይቃቸዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ወሬያቸው ሁሉ ስለ መደባቸው ነበር። በሕንፃቸው ጓሮ ለነዋሪዎች የተከፋፈለ የአትክልት ቦታ አለ። የእሳቸው መደብ ሁለት ዓመት ጦሙን ስላደረ፣ የጓሮው ኃላፊ ሚስስ ዶሪን ዘንድሮም ባዶ ከሆነ ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን ብለዋቸዋል። እትዬ ደግሞ የድሮ ቤታቸው ፈርሶ ፎቅ ላይ ከወጡ ወዲህ እግራቸው አፈር የሚነካው እዚያ ብቻ ነው። ያንን መሬት ቢነጠቁ ምን እንደሚሆኑ እኔ አውቃለሁ።

አንድ ቀን ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ፣ የወፍ ሥዕል ያለበት ከረጢት ውስጥ ኑግ ያያሉ። ከሌላ ፍሬ ጋር የተደባለቀ የወፍ ምግብ ነው። እኛ ለጾም የምንመኘው ኑግ እዚህ የድንቢጥ ቁርስ ሆነ ብለው አውቶቡሴ ላይ የተናደዱት አይረሳኝም። ግን ገዙት፤ ዘሩትም።

በየሳምንቱ ሪፖርት ይደርሰኝ ጀመር። ኑጉ ወገባቸው ደረሰ፣ ኑጉ በለጣቸው። አንድ ዝንጣፊ ቆርጠው በብርጭቆ ውሃ የማርያም ሥዕል ፊት አስቀመጡ። ቅር ያላቸው ከኋላው የበቀለው አረም ብቻ ነበር፤ ጉልበቴ አልታጠፍ አለኝ፣ መጥተህ ንቀልልኝ ይሉኛል። እኔም ነገ፣ ነገ እላለሁ። ስንፍናዬን አገር ያውቀዋል።

መስከረም ላይ፣ ሚስስ ዶሪን ለጉብኝት ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ሄድኩ። ገና የጓሮውን በር ስከፍት ሽታው ተቀበለኝ። ቅዳሜ ማታ አውቶቡስ የነዳ ሰው ያንን ሽታ አይስተውም፤ ከአውቶቡሱ ፎቅ የኋላ ወንበር ነው የሚመጣው። እናቴ በምትሆን ሴት ፊት ስሙን በአማርኛ መጥራት አፈርኩና በእንግሊዝኛ ልገላገል አሰብኩ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ዊድ ነው።»

«አረሙማ ከኋላ ነው ያልኩህ» አሉ።

ፈረንጅ አረምንም ሐሺሽንም ዊድ ነው የሚለው፤ ምን ላድርግ? አፍረጥርጬ ነገርኳቸው፤ ከረጢቱ ውስጥ ከኑጉ ጋር የተደባለቀው ፍሬ የሐሺሽ ኖሯል። እትዬ ተክሉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አግዳሚው ላይ ዘጭ አሉ። መጀመሪያ ያስደነገጣቸው ፖሊስ አይደለም፣ ማርያም ናት። ቀጥሎ መደቡ ትዝ አላቸው። ቢተዉት ወንጀል፣ ቢነቅሉት ባዶ መሬት።

«እውነት ኑግ መስሎኝ ነው» ሲሉ ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ አንጀቴን በሉት። ለካ የከተማ ልጅ ናቸው፤ ኑግን ተቆልቶና ተወቅጦ እንጂ በቅሎ አይተውት አያውቁም።

ቢሆንም ቆራጥ ናቸው። የወጥ ቤት ቢላቸውን አምጥተው አማተቡና ግንዱን ይገዘግዙት ጀመር። እኔ ይዤ እሳቸው ቆርጠው ያን ዛፍ የሚያህል ነገር አጋደምነው፤ ከታትፈንም የጓሮው ብስባሽ ክምር ውስጥ ቀበርነው። ቀና ስል «አረሙ» ፊት ለፊቴ ቆሟል። ጉልበት የሚደርስ፣ ቢጫ አበባው የፈካ። ልጅ ሆኜ የወሎ ማሳ ሲለብሰው የማውቀው ቢጫ ነው።

«ኑግዎ ይኸውልዎ» አልኳቸው።

እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ግንባሬን ሳሙኝና እንኳን ሰነፍክ ልጄ አሉኝ።

በማግስቱ ሚስስ ዶሪን መጡ። አበባውን አደነቁና ከፊቱ ያለው ክፍት ቦታ ምን እንደነበረበት ጠየቁ። እኔ የምዋሸውን ማሰብ ጀመርኩ። እትዬ ግን በውሸት አይታሙም።

«ዊድ ነበር» አሉ በእንግሊዝኛ። «ትልቅ ዊድ። ትናንት ቆረጥነው።»

ሚስስ ዶሪን ዊድ እሳቸውንም ዕድሜ ልክ እንዳስቸገራቸው ተናግረው፣ መደቡ ለከርሞም የእትዬ እንዲሆን ፈቀዱ።

ጥቅምት ሲያልቅ ኑጉን ልናጭድ ብንሄድ ወፎቹ ቀድመውን ሰፍረውበታል። ላባርራቸው እጄን ሳነሳ እትዬ ያዙኝ።

«ተዋቸው» አሉ። «ከረጢቱ ላይ የነበረው ሥዕል የነሱ ነው።»