የእናቴ የቡና ገለባ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። የአንድ ጆንያ ገለባ ወሬ ነው፤ በዚያ ላይ ባለፈው በጥንቃቄ ጻፍኩ ብዬ ያመጣሁትን መዘዝ አይቻለሁ።

እናቴ ጂንካ ነው የምትኖረው። ከአሪ ገበሬዎች የቡና ገለባ ትሰበስብና ቅዳሜ ቅዳሜ በጭነት መኪና ዲመካ ገበያ ታወርዳለች። ሐመሮች ገለባውን አፍልተው ይጠጡታል። ሚዛን የለም። እናቴና ወዳጇ፣ አንዲት ሐመር ሴት፣ ቅል ተለዋውጠዋል፤ እናቴ ገለባውን በወዳጇ ቅል ትሰፍራለች፣ ወዳጇም በምላሹ የምትሰጣትን ማር በእናቴ ቅል። መተማመኛቸው ይኸው ነው። ማሩ ጂንካ ሲሸጥ፣ በገንዘቡ እኔ ራቅ ያለ ከተማ ትምህርት ቤት እማራለሁ።

ቡና ያለ ፈቃድ ማጓጓዝ ክልክል ነው። ገለባውን ግን ከደጋ የመጣው የኬላ ተቆጣጣሪ ከቁም ነገር አይቆጥረውም ነበር።

«እትዬ፣ ዛሬም ጥራጊ ጫንሽ?»

«ምን ላድርግ ጓድ፣ ቤቴ ተጠርጎ አያልቅ!»

ይስቅና ገመዱን ይለቃል።

በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት የኢኮኖሚክስ መምህራችን መጽሐፍ ላይ የሌለ የአካባቢያችንን ንግድ እንድንጽፍ አዘዘን። «ያልታወቀ ንግድ ከአገር ዕድገት አይቆጠርም» አለ። «ለእርማት ነው፤ ከእኔ በቀር ማንም አያየውም» ሲልም አመንኩት። የእናቴ ድካም እንዲቆጠርላት ፈለግሁ። እሱንም ደስ ይበለው ብዬ ምንም አላስቀረሁም። «በኬላ እንደ ጥራጊ የሚያልፈው ገለባ ራሱን የቻለ የንግድ ዕቃ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ግሩም ነው አለኝ። ወደ አውራጃችን መላኩን ግን አልነገረኝም።

ለዕረፍት መጥቼ ከእናቴ ጋር ወደ ዲመካ ስንወርድ፣ ተቆጣጣሪው ገመዱን አልለቀቀም። ከአውራጃው የመጣ ሰርኩላር አውጥቶ አነበበ። «በኬላ እንደ ጥራጊ የሚያልፈው ገለባ...» የእኔ ዓረፍተ ነገር ነበር። አንድ ቃል እንኳ አልቀየሩም።

«ስትቀልጂብኝ ኖረሻላ፣ እትዬ!» አለ ጆንያዎቹን እያስወረደ። ከዚያ ንባቡን ቀጠለ፤ ቅሉን፣ ማሩን፣ ወዳጇን ሳይቀር።

እናቴ ስለ ቅሉ ለባዕድ ነግራ አታውቅም። ወደ እኔ ዞረች።

«ቅሉ ደግሞ ምን በደለሽ?» አለችኝ፣ እሱ እንዳይሰማ በአሪ ቋንቋ።

መምህሬ ከዳኝ ልላት አፌን ከፈትኩ። ግን እሷ መምህሬን አታውቀውም፤ የምታውቀው እኔን ነው።

በሳምንቱ ያለ ጆንያ ዲመካ ወረደች። የወዳጇን ቅል መልሳ የራሷን ይዛ መጣች። ቅዳሜ፣ የካቲት 8 ቀን 1978 ዓ.ም. ነበር።