ከዶሮዎቹ ቀጥሎ ያለው ገጽ

ባለፈው እሑድ እዚህ ሜልበርን ከፉትስክሬይ ገበያ ስንመለስ ልጄ ሶልያና ሜዳ ላይ የተደረደሩ የጥንት መኪኖች አየችና «ማሚ፣ ፕሊስ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ» ብላ አስቆመችኝ። እኔ ሰው በበዛበት ቦታ ልጅ ይዤ መቆም አልወድም። የገዛሁት ሥጋ እንዳይበላሽም ሰግቻለሁ። እጇን እየጎተትኩ ሳልፍ መጨረሻው ረድፍ ላይ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ መኪና አየሁ። ጣሪያ የላትም፤ ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው። የሾፌሩ ወንበር ስፌት ወደ አንድ በኩል ጠመም ብሎ ይሄዳል። ያን ስፌት አውቀዋለሁ።

ፊት ለፊቷ የቆመውን ጽሑፍ ሶልያና አነበበችልኝ። «ሬፕሊካ ነው ይላል። ኮፒ ማለት ነው፣ ማሚ። ሪል አይደለችም።»

እውነተኛዋ ናት። ኮፒ ያስባልኳት እኔ ነኝ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አስራ ሁለት፣ በክረምት ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ባሌን ተከትዬ ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም፤ ፍሌሚንግተን የሚባል ሰፈር ፎቅ ላይ እንኖራለን፤ ሶልያናን አርግዣለሁ። ትምህርት ከሰባተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ እንግሊዝኛዬ ከ«የስ» እና ከ«ሶሪ» ብዙም አያልፍም ነበር። አንድ ኤጀንሲ የአረጋውያንን ቤት እንዳጸዳ ቀጠረኝ። መጀመሪያ ቀን የነገሩን፣ ከደንበኛ ቤት ስጦታም ቢሆን ምንም እንዳንወስድ ነው። አንዲት ያገራችን ልጅ አሮጊቷ የሰጧትን ሻርፕ አድርጋ በመታየቷ ከሥራ ወጥታለች።

ሐሙስ ሐሙስ የማጸዳው ሌን የሚባሉ፣ ሰማንያ ያለፋቸው፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሰው ቤት ነበር። በስማቸው ብቻ መጥራት አፌ እምቢ ስላለኝ ጋሼ ሌን አልኳቸው። ትርጉሙን ጠየቁኝ።

«ለታላቅ ሰው ነው» አልኩ።

«ሚስቴ ይህን ሳትሰማ መሞቷ!» ብለው ሳቁ።

ሥራዬን ስጨርስ ጋራዡ ውስጥ ሻይና ቅቤ የተቀባ ዳቦ ይሰጡኛል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ግቢው እርጥብ ሣርና ዘይት ዘይት ይሸታል። አረንጓዴዋ መኪና አጠገባችን ቆማለች። ከዚያ ሰማያዊ ፎልደር አምጥተው አንድ ገጽ ያስነብቡኛል። እንግሊዝኛ ማንበብ የተማርኩት ከዚያች መኪና ታሪክ ነው።

ባለቤት የነበረ ሁሉ የራሱ ገጽ ነበረው። መጀመሪያ እንግሊዝ አገር ጎተራ ውስጥ የሠሯት ሁለት ወንድማማቾች፤ እሷን የመሰሉ አራት ብቻ ሠርተው አቆሙ። ቀጥሎ በእሽቅድምድም ያሸነፈባት ጎረምሳ። ቀጥሎ በመርከብ ወደ ሜልበርን ያመጣትና ገልብጧት ዳግመኛ ያልነካት ሐኪም። ቀጥሎ ሞተሯን አውጥቶ ጀልባ ላይ የገጠመ ሰው። የሚቀጥለው ገጽ «ዶሮዎች፣ አስራ አራት ዓመት» ይላል። ጋሼ ሌን ያገኟት አንድ ገበሬ ግቢ፣ ዶሮ ሲያድርባት ነው። ቆሎ ይዤላቸው የሄድኩ ቀን እፍኙን አይተው «ዶሮዎቹ ናቸው የላኩሽ?» አሉኝ።

ከዶሮዎቹ ቀጥሎ ያለው ገጽ ባዶ ነበር። «የእኛን ማርጋሬት ትጽፈዋለች ስል ቀደመችኝ» አሉ። ከሚስታቸው ጋር ሃያ ዓመት ሙሉ ነው መኪናዋን መልሰው የሠሯት። ወንበሩን የሰፉት ማርጋሬት ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ስፌቱ ጠመመ። አንድ ልጃቸው ሱዛን ግን መኪናዋን ትጠላት ነበር። ልጅነቷን ጋራዥ በር ላይ እናትና አባቷን ስትጠብቅ ነው ያሳለፈችው። ሩቅ ከተማ፣ ፐርዝ፣ ከሄደች ወዲህ መምጣትም መደወልም ትታለች።

በመጨረሻው ሐሙስ ጋሼ ሌን አንዲት የትንባሆ ቆርቆሮ ከፍተው የክብሪት ቀፎ የምታክል የነሐስ ሰሌዳ አሳዩኝ። የመኪናዋ ሻንሲ ቁጥር ተቀርጾባታል። ሌቦች ስለሚፈልጓት ነቅለው የደበቋት እሳቸው ናቸው።

«ሞተሯ ሌላ፣ ቆርቆሮዋ ሌላ፣ ጎማዋ ሌላ። መታወቂያዋ ይቺ ናት። ይቺ ከሌለች ኮፒ ናት ይሏታል» አሉ። ከዚያ ገለበጧት። ጀርባዋ ላይ በምስማር ተጭሯል። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ፤ «ለሱዛን። ስትጨረስ ያንቺ ናት። እማማ።»

«ሱዛን ይህን አታውቅም። ነገ ሆስፒታል እገባለሁ፤ ልቤን ሊሠሩት ነው። እኔ ስደውል አታነሳም። አንድ ነገር ብሆን ግን ትመጣለች። በእጇ ስጫት። ጀርባዋን አሳዪያት።»

«እሺ፣ ጋሼ» ብዬ ቆርቆሮዋን ኪሴ ከተትኩ።

አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ስደርስ ቆርቆሮዋ ኪሴን አቃጠለችው። ከያዙኝስ? ልጅ በሆዴ ይዤ ሌባ ብባልስ? ተመለስኩ። ጋሼ ሌን ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ጋራዡ መደርደሪያ ላይ ብሎንና ምስማር የሞላባቸው ብዙ የትንባሆ ቆርቆሮዎች ነበሩ፤ መሐላቸው አስቀምጬ ወጣሁ። ሱዛን ስትመጣ ቦታውን እነግራታለሁ፣ እጄም ንጹሕ ይሆናል ብዬ። ያን ቀን ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ጋሼ ሌን ከሆስፒታል አልተመለሱም። ኤጀንሲው ሌላ ቤት መደበኝ። ዛሬ ነገ ስል ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ለባሌም አልተናገርኩም። በሦስተኛው ሳምንት ሄድኩ። ጋራዡ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ መደርደሪያው ባዶ ነው። መኪናዋ ብቻዋን ቆማለች። የአባቷን ዓይን የያዘች ረጅም ሴት ትጠርጋለች።

እዚህ አጸዳ እንደነበር ነገርኳት። አመሰገነችኝ። ወደ መደርደሪያው እያመለከትኩ «ቆርቆሮዎች ነበሩ» አልኩ።

«የአባቴ ምስማሮች! ዛሬ ጠዋት የቆሻሻ መኪና ወሰዳቸው።» መኪናዋን በመጥረጊያው እጀታ ነካ አደረገቻት። «ልጃቸው ይቺ ነበረች። እኔ እንግዳ ነበርኩ።» ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ። «ምነው፣ የምትፈልጊው ነገር ነበር?»

እንግሊዝኛው አልጠፋኝም። እዚያው ጋራዥ ነው የተማርኩት። ግን ለምን አልያዝሽውም፣ ለምን እስከ ዛሬ ቆየሽ ብትለኝስ ብዬ ፈራሁ።

«ኖ። ሶሪ» አልኩ።

እሑድ ዕለት ከመኪናዋ አጠገብ የተቀመጠው ሰውዬ ሰማያዊውን ፎልደር ጭኑ ላይ ይዞ ነበር። ሶልያና እያገዘችኝ አናገርኩት። መኪናዋን የሸጠችለት ሱዛን ናት፤ አሁንም ፐርዝ ነው ያለችው፤ በየገናው ካርድ ትልክለታለች። ፎልደሩን ገለጥኩት። ዶሮዎቹ አሉ። ቀጣዩ ገጽ እንደ ባዶነቱ ነው።

ወደ ቤት ስንሄድ የሆነውን ሁሉ ለሶልያና ነገርኳት። ከዚያ «ለምን አልነገርሻትም?» አለችኝ። አንቺን አርግዤ ስለነበር ልላት ፈለግሁ። የፈራሁትን ሁሉ በእሷ ሳሳብብ ነው የኖርኩት፤ ይህን ግን ላሸክማት አልፈለግሁም። «ፈሪ ስለሆንኩ» አልኳት።

ሰሌዳዋ አትመለስም። መኪናዋም በእኔ ቃል ብቻ እውነተኛ ናት አይሏትም። ማርጋሬት የጫሩትን አንብቦ በሕይወት የቀረ ሰው ግን እኔ ብቻ ነኝ፤ ስለዚህ ይህን ለዚያ ባዶ ገጽ ጻፍኩት። ሶልያና ወደ እንግሊዝኛ መልሳ ለሰውዬውና ለሱዛን ትልከዋለች። ትናንት እስክሪብቶ ይዛ ቁጭ አለችና «ከየት ልጀምር?» ብላ ጠየቀችኝ።

የእኔን ነገር ኋላ ትደርሺበታለሽ፣ መጀመሪያ ከሰሌዳዋ ጀርባ ያለውን ጻፊ አልኳት።