ሳሎናችን ውስጥ ያለው ሻይ መሳይ ወንዝ

እኔ የሰው ልብስ አጥቤ ነው የኖርኩት። ነጭ ጨርቅ ላይ ሻይ የተደፋበት ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚሮጠው። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ የእኔው ሳሎን ውስጥ፣ ከሶፋው አጠገብ፣ ርዝመቱ ሰባት ስንዝር የሆነ የመስታወት ገንዳ ሙሉ ሻይ የመሰለ ውሃ ተቀምጧል። ያስቀመጠው ደግሞ ሌላ ሰው ሳይሆን ባሌ ነው።

ባሌ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቷል፣ ያውም አንዱን መስመር። ሰው ሲጨናነቅ “ጠጋ ጠጋ በሉ” ማለት ስለሚያበዛ ሰፈሩ ጋሽ ጠጋ ጠጋ ይለዋል። ወሬ ሲወድ አይጣል ነበር። ማን ታመመ፣ የማን ልጅ ፈተና አለፈች፣ ማን ከማን ጋር ተኳረፈ፣ ሁሉንም ከአውቶቡሱ ለቃቅሞ ማታ ያመጣልኛል። በኋላ ዓይኑ ደከመና ጡረታ አወጡት። ከዚያ ወዲያ ሰውዬው ዝም አለ። ዝም ስላችሁ “ጨው አነሰው” እንኳ አይልም። ጠዋት ሶፋው ላይ ይቀመጣል፣ ማታ ከዚያው ይነሳል። እኔ አፌ አያርፍም፤ ግን ከግድግዳ ጋር እስከ መቼ ይወራል?

በዓመቱ መነጽር ሊያሠራ ወጥቶ በላስቲክ ውሃ ውስጥ አራት ጣት የማያክሉ ዓሣዎች ይዞ፣ በጋሪ ደግሞ ያን የመስታወት ገንዳ አስጭኖ ገባ። መነጽር ቤቱ አጠገብ ዓሣ የሚሸጥ ልበ ቀና ሰው አለ። ሻጩ ያለውን ሁሉ ባሌ ቁጭ ብሎ ነገረኝ። የዓሣዎቹ ዘር ከሞቃት ጫካ ወንዝ ነው አሉ። ወንዙ ውስጥ ቅጠልና ሥር ሲበሰብስ ስለሚኖር ውሃው ሻይ ይመስላል። ጥርት ያለ፣ ብርሃን የበዛበት ውሃ ውስጥ ሲከቷቸው ግን ይደነግጣሉ፣ መልካቸው ይገረጣል፣ ጥግ ይይዛሉ።

“ጥግ ይዘው ሳያቸው አንጀቴን በሉት” አለኝ።

አንተስ የእኔን አንጀት ስትበላ ከርመህ የለ፣ አልኩ በሆዴ።

ከዚያ በኋላማ ቤቴ ቤት መሆኑ ቀረ። ከጎረቤት ጓሮ የደረቀ የጓቫ ቅጠል እየለቀመ በእኔ ድስት ይቀቅላል። ግንድ የሚያህል የዛፍ ሥር በእኔ ሳፋ ዘፍዝፎ አንሶላዬን ሜዳ ላይ አስቀረው። ከታች አሸዋ፣ በላዩ ቅጠል፣ ብርሃኑን እንዲጋርድ ደግሞ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ተክል። “ሰው ውሃ ያጠራል፣ የእኔ ባል ያደፈርሳል” እያልኩ ለደንበኞቼ ሁሉ ሳቅኩበት። ግን ምን ልበላችሁ፣ ዓሣዎቹ ከጥጉ ወጡ፤ ጎናቸው ላይ ቀይ መስመር ታየ። ሰውዬውም አፉ ተፈታ። ስለ ዓሣ ብቻ ነው የሚያወራው፣ ቢሆንም ያወራል።

ሻጩ “ቤታችን ነው ብለው የሚያምኑት ሲወልዱ ነው” ብሎት ስለነበር ልቡን እዚያ ላይ ጣለ። ዓሣዎቹ እንቁላላቸውን ቅጠል ሥር ይጥላሉ። በማግስቱ እንቁላሉ ይነጣል፣ ከዚያ ጥጥ የመሰለ ሻጋታ ያለብሰዋል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ቅጠል ቢጨምር፣ ቢቀንስ፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። በሦስተኛው “ቅዳሜ ዓሣውንም ገንዳውንም ለሻጩ እመልስለታለሁ፤ ሰው አይቶት የማያውቀውን ወንዝ አይሠራም” አለና ሶፋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያ ዝምታ ተመልሶ ቤቴ ሊገባ ነው።

ሐሙስ ዕለት ለመመለሻው እንዲያምር ብሎ ይመስለኛል፣ የገንዳውን አፍ በምላጭ ይፍቃል። ጠጋ ብዬ ሳይ የሚፍቀው ነጭ ቅርፊት ነው። ይህን ቅርፊት እኔ አውቀዋለሁ። የሻይ ማፍያዬን ውስጡን አልብሶታል፣ የካውያዬን ቀዳዳ የሚደፍነውም እሱው ነው።

“አንተ ሰው፣ ይኼን ውሃ ከቧንቧ ነው የምትሞላው?”

“ታዲያ ከየት ልሙላው?”

ሁለት ጠርሙስ አመጣሁ። አንዱን ከቧንቧ፣ አንዱን ከጓሮ በርሜሌ ሞላሁ። ሁለቱም ላይ እኩል ሳሙና ፍቄ “ናጥ” አልኩት። የበርሜሉ አረፋ እስከ አፉ ደረሰ። የቧንቧው እንደተበላሸ ወተት ተቆራረጠ።

“የቧንቧችን ውሃ ድንጋይ የሟሟበት ነው፤ ሳሙና እንኳ እሺ አይለውም” አልኩት። “ያ የጫካ ወንዝህ ውሃውን ከየት ነው የሚያገኘው?”

ጠርሙሱን ወደ መነጽሩ አስጠግቶ አየው። “ከዝናብ” አለ ቀስ ብሎ።

አሁን የጣራ ዝናብ ስለማጠራቅምባት በርሜሌ ልንገራችሁ። ዝናቡ አቁሟል፤ ያለችኝ እሷው ብቻ ናት። ነጭ ልብስ የምታነጣልኝ እሷ ናት፣ አጥቤ የማስረክበው የእንግዳ ማረፊያ አርባ አንሶላ ደግሞ ለሰኞ ይጠብቀኛል። ከዚያች በርሜል እንኳን ለዓሣ ለገዛ እህቴም በማንቆርቆሪያ አልሰጥም።

“ውሰደው” አልኩት።

“አንሶላዎቹስ?”

“አንሶላው እኔ አለሁለት።”

አርባውን አንሶላ በዚያ ክፉ ውሃ ሁለት ሁለት ጊዜ አሸሁት። ክንዴ የእኔ አልመስል አለኝ። እሱ ቅዳሜ የትም አልሄደም። ዓሣዎቹ እንዳይደነግጡ በቀን ሁለት ጆግ ብቻ እያወጣ፣ ሁለት ጆግ የዝናብ ውሃ እየጨመረ፣ ቅጠሉንም እየቀቀለ ሰነበተ።

በአራተኛው ሳምንት ልብስ ከማጥብበት መጣና “ነይ እስቲ” አለኝ። እጄን በቀሚሴ እየጠረግኩ ተከተልኩት። ቅጠሉ ሥር እንቁላሎቹ አልነጡም። እያንዳንዳቸው ውስጥ የመርፌ ጫፍ የሚያህል ጥቁር ዓይን አለ። በሦስተኛው ቀን ያ ሁሉ ዓይን ጅራት አውጥቶ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሁለት ሽማግሎች ምንጣፍ ላይ ተንበርክከን፣ አጉሊ መነጽር እየተቀማማን የዓሣ ጫጩት ስናይ ዋልን። እንዲህ ልቤ ቅቤ የጠጣበትን ቀን አላስታውስም።

ሻጩ ሰምቶ በዓይኑ ሊያይ መጣ። ጎንበስ ብሎ አየና “ጋሼ፣ ምን መድኃኒት ጨመሩበት?” አለ።

“መድኃኒት አይደለም፣ ሚስት ነው” አለው ባሌ።

አስቀመጠውና ከሳሙናው ጀመረለት። ከሳሙና ወደ ካውያ፣ ከካውያ ወደ ዝናብ፣ ከዝናብ ሠላሳ አንድ ዓመት ወደነዳው መስመር ተሻገረ። ምሳ አቀረብኩ፣ አነሳሁ፣ ዕቃውን አጥቤ ተመለስኩ፤ ወሬው ገና ግማሽ አልደረሰም። እንግዳው በሩን በዓይኑ እየፈለገ ነበር። “ኧረ ልቀቀው፣ ሰውዬው ሥራ አለው” ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ያውራ።