የአባቴ «ኖር»

አባቴ ሽማግሌ ሲገባ ቁጭ ብሎ አያውቅም። ለፕሮስቴት ካንሰሩ ኤምአርአይ ወራት ጠብቀን፣ እዚህ ካይሮ ሆስፒታል ተራው ሊደርስ ሲል አንድ ግብፃዊ አዛውንት ልጃቸውን ተደግፈው መጡ። አባቴ «ኖር» ብሎ ወንበሩን ለቀቀላቸው። ተራው የሚታወቀው በወንበሩ ነበር፤ እሳቸው ገቡ፣ እኛን ነርሶቹ «ኸላስ፣ ለዛሬ አበቃ» አሉን። ስቆጣ «ማሌሽ፣ ግድ የለም ልጄ፣ እሳቸው ቆመው እኔ ልቀመጥ?» አለኝ። ሌላ ቀጠሮ እስክናገኝ በሽታው አጥንቱ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ቀብሬው ወር ሳይሞላኝ፣ ወደ ማዓዲ ሰፈር ለሥራ ስሄድ እኚያው አዛውንት ከልጃቸው ጋር ሜትሮ ባቡሩ ውስጥ ገቡ። ልጅቷ የአባቷን ኮሌታ ስታስተካክል ሳይ፣ እንደዚያ ቀን በሰው ቀንቼ አላውቅም። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እግሬ ግን የአባቴ ልጅ ነው፤ ተነሳሁ።

ለሁለተኛ ጊዜ በቦታችን ተቀመጡ።