የሽማግሌው ሰዓት
ቱታው የብረት ዱቄት የጠጣ ሽማግሌ ነው። ጠዋት ጠዋት ማግኔቱ እንዳያበላሽበት ሰዓቱን ፈትቶ ለዕቃ ቤት ጠባቂዋ ያስረክባታል። ከዚያ ለጥገና የገባውን ባቡር የመንኮራኩር ዘንግ በማግኔት ይዞ ዱቄቱን ይነሰንስበታል፤ ዱቄቱ ተሰብስቦ መስመር ከሠራ፣ ዓይን የማያየው ስንጥቅ አለ ማለት ነው።

ሰዓቱ ግን ሁልጊዜ ብዙ ወደ ኋላ የቀረ ነው። አንድ ቀን ሴትዮዋ «ምስኪን፣ በዚህ እንዴት ይኖራል?» ብላ አስተካከለችው።

ከሥራ ሲወጣ አየውና ፊቱ ጭልም አለ።

«ጋሼ፣ ተሳስቶ ነበር እኮ!»

«አልተሳሳተም ልጄ፤ ሴት ልጄ ያለችበት አገር ሰዓት ነው። ከሄደች ስድስት ዓመቷ» አለና መልሶ አዞረው። «ይኸው፣ አሁን ገና መንቃቷ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ሰዓቱን ስትቀበለው አየት አደረገችው፤ እዚያ ማዶ የመኝታ ሰዓት ነው። ሰዓቱን ያስቀመጠችበትን መሳቢያ ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።